“አላውቅም” ስንት ዓይነት ነው?

(በሐዋሳ ከተማ ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች በተደረገ የአንድ ቀን ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር። ከጥቂት የቃላት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ሥራ አቋርጣችሁ የመጣችሁ የባጃጅ ሹፌሮች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! “ዳኤ ቡሹ” ብላችሁ ስለተቀበላችሁኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ከኋላ ድምፄ ይሰማል? ይሰማል? ጥሩ። በመስኮቱ በኩል ሐይቁ ይታያል፤ ዓይናችሁ ወደዚያ ቢሄድ አልቀየምም፤ ስለ እሱም የምናወራው አለ።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ሲመጣ “አላውቅም” የምንለው ነገር አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ሕዝብ ሲፈራ ምን እያለ እንደሆነ ነው። ሦስተኛው፣ ሳናውቅ መወሰን ግድ ሲሆን እንዴት እንደምንወስን ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠራ ሁሉንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ወሬው ከብዙ አገር ስለሚመጣ እንዳንደናገር ብዬ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። አንድ አዲስ ነገር ከተማችን ሲገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? “ጥሩ ነው መጥፎ?” አይደል? አንዱ ጥሩ ነው ይላል፣ አንዱ መጥፎ ነው ይላል፣ ክርክሩ ይሞቃል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። መልስ ግን የለም፤ ገና ማንም አያውቅማ! ከዚያ ይልቅ የሚጠቅመን ጥያቄ ይኼ ነው፦ የማናውቀው የቱን ነው? የማናውቀውስ ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው “አላውቅም” የሚሰላው ነው። ሳንቲም ስትወረውሩ ዘውድ ይውጣ ጎፈር አታውቁም፤ ግማሽ በግማሽ መሆኑን ግን ታውቃላችሁ። ፍራንክ ናይት የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1921 እንዲህ ዕድሉ በቁጥር የሚያዘውን ከማይያዘው ለየው። የምሁራን ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በቁጥር የሚያዘውን ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል፤ ለማይያዘው ግን በቅጡ ዋጋ ሊያወጣለት የሚችል የለም።

የኤሌክትሪክ መኪና እንውሰድ። በ2024 መጀመሪያ አገራችን የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ በየሰፈሩ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ “ከዚህ ሳልሞላ አዲስ አበባ ያደርሰኛል?” እርሳስ አውጡ። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መካከለኛ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል (ኪሎ ዋት ሰዓት የቤታችሁ የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ ነው)፤ በ275 ስታባዙት 44 ይሆናል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዲስ አበባ 2,350 አካባቢ። ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና 650 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት፣ የሞተሩን ብክነት ጨምሮ፣ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ጨምሩበት። 48 ሆነ። ባትሪው 60 ከሆነና አዲስ ከሆነ 12 ተርፎላችሁ ትገባላችሁ። ያው ባትሪ አርጅቶ ወደ 80 በመቶ ከወረደስ? የቀረው ልክ 48 ነው። ቃሊቲ ላይ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ ማለት ነው። ከሞጆ በኋላ በፍጥነት መንገዱ 110 ከነዳችሁ ደግሞ ቃሊቲም አትደርሱም፤ ፍጥነት ሲጨምር ከነፋሱ ጋር የሚደረገው ትግል በጣም ስለሚበዛ 16 የነበረው ወደ 20 ይጠጋል። መኪናው ላይ የተለጠፈው “500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል” የሚለው ወረቀት በፋብሪካ መፈተኛ ላይ በዝግታ የተለካ ነው፤ ውሸት አይደለም፣ የእናንተ መንገድ ግን አይደለም።

ቤት ውስጥ መሙላትም እንዲሁ ይሰላል። ተራ ሶኬት በ10 አምፒር 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ 60 የሚይዝ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። 27 ሰዓት ያለማቋረጥ 10 አምፒር! ማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁ፣ ገመዱን ጠቅልላችሁ ብትተዉት ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። በእኔ ግምት እዚህ ከተማ ከባትሪው በፊት ቤት የሚያቃጥለው ማከፋፈያው ነው። በ32 አምፒር፣ ማለትም በ7 ኪሎ ዋት መሙላት የሚፈልግ ሰው ከቆጣሪው በቀጥታ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፣ የራሱ ብሬከር እና በትክክል የተቀበረ አርዝ፣ ማለትም ያፈተለከ መብራት ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ፣ ያስፈልገዋል። አርዙን የምለው በብዙ ቤት ስለሌለ ነው። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም።

ይኼ ሁሉ ስሌት ነው። እዚህ ላይ የሚፈራ ሰው ስታዩ ምክር አትስጡት፤ ቁጥር ስጡት።

ሁለተኛው “አላውቅም” የሚያናድደው ነው፦ እኔ አላውቅም፣ ሌላ ሰው ግን ያውቃል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ስትገዙ የባትሪውን ሁኔታ ሻጩ ያውቀዋል፣ ወይም ማወቅ ይችል ነበር። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይመለሳል፤ ይኼን የማያውቅ የለም። ባትሪው ግን ሲመረመር ይናገራል። በመኪናው ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ስካነር ያለው ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ። መኪናው 100 በመቶ ተሞልቶ ይጠብቃችሁ። የባትሪውን ጤንነት የሚያሳየውን ቁጥር አንብቡ፤ አትመኑት፣ መዝግቡት ብቻ፤ እሱም ቁጥር ነውና ሊቀየር ይችላል። ከዚያ ንዱት፣ ወደ 20 በመቶ እስኪወርድ። ትልቁ ባትሪ ሴል ከሚባሉ ብዙ ትንንሽ ባትሪዎች የተሠራ ነው፤ የታመመ ሴል ራሱን የሚያጋልጠው ያኔ ነው፤ ሞልቶ ሳለ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይቆምና ባትሪው ሲጎድል ቀድሟቸው ይወድቃል። ሴሎቹ በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲደክም ኮምፒውተሩ ሁሉንም ያቆማቸዋል። “30 በመቶ እያሳየ ቆመብኝ” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኼ ነው። በመጨረሻም ከ100 እስከ 20 ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደበላ ደምራችሁ በ0.8 አካፍሉት፤ የባትሪው እውነተኛ ይዞታ ያው ነው። ሻጩ “ይህን ያህል መንዳት አይቻልም” ካለ፣ መልሳችሁን አገኛችሁ።

የዚህ ዓይነቱ አለማወቅ ከገበያ ወጥቶ ዓለምን ሲያዳርስ ምን ይመስላል? የእርሳስ ቤንዚንን ታሪክ ስሙ። በ1921 አሜሪካ ውስጥ ሞተር እንዳይንኳኳ ቤንዚን ላይ የእርሳስ ውሕድ መጨመር ተገኘ። እርሳስ መርዝ መሆኑ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። በ1924 በኒው ጀርሲ ውሕዱን በሚያዘጋጅ ማጣሪያ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸውን ስተው ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት ስብሰባ ተጠራ፤ ክርክር ተደረገ። “በጭስ ማውጫ የሚወጣው መጠን ሕዝብን ይጎዳል የሚለው አልተረጋገጠም” ተባለና ቀጠለ። ልብ በሉ፦ “አልተረጋገጠም” የተባለው “አልፈለግነውም” ማለት ነበር። አስፈላጊው ጥናት በአብዛኛው በራሱ በአምራቹ ወገን እጅ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። በዓለም የመጨረሻው የእርሳስ ቤንዚን ማደያ፣ አልጄሪያ ውስጥ፣ የተዘጋው በ2021 ነው። አንድ መቶ ዓመት! እና ወገኖቼ፣ “አልተረጋገጠም” የሚል ሰው ሲመጣባችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ማን ፈለገው? ማን ፈልጎ ነው ያጣው?

ሦስተኛው “አላውቅም” ማንም የማያውቀው ነው። ዛሬ የሚገባው ባትሪ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲሞት የት ይሄዳል? የዚያ ሞዴል መለዋወጫ ያኔ ይኖራል? የመኪናው ሶፍትዌር በቻይንኛ ሆኖ ፋብሪካው ድጋፉን ቢያቆምስ? ይኼ አይሰላም። “በባለሙያ ተጠንቶ” ምናምን የሚል ሰው ካለ የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን እየቀላቀለባችሁ ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። ለጥያቄያችሁ በአማርኛ የሚመልሰው ፕሮግራም “አላውቅም” ማለት አይሆንለትም። የተማረው ከጽሑፍ ነው፤ በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ነው፣ የሲዳምኛው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ማሽኑ ግን ባነሰ ዕውቀት የሚመልሰውን በአነሰ ድፍረት አይመልሰውም፤ ሰዋስዉ እኩል ያማረ ነው። ስለ ልጃችሁ መድኃኒት መጠን ጠይቃችሁት ከሆነ፣ ያንኑ ጥያቄ ቃሉን ለውጣችሁ ሦስት ጊዜ በየራሱ አዲስ ገጽ ላይ ጠይቁት። ሦስት የተለያየ ቁጥር ከሰጣችሁ አያውቀውም። ሦስቱም አንድ ቢሆኑም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አንድ ስሕተት ሦስት ጊዜ ሊደገም ይችላልና። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልግባ፤ ስለ ፍርሃት።

ባለሥልጣንም ባለሙያም ሕዝብ ሲፈራ “ግንዛቤ ስለሌለው ነው” ማለት ይቀናቸዋል። ከዚያ ምን ይመጣል? የግንዛቤ ማስጨበጫ! ሥልጠና፣ ቲሸርት፣ ባነር። ፖል ስሎቪክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1987 ባሳተመው ጥናት ሰዎች አንድን ነገር የሚፈሩት በሚገድለው ሰው ብዛት ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል። ሰው የሚመዝነው ሌላ ነገርም አለ፦ በፈቃዴ ነው የገባሁበት? በእጄ መቆጣጠር እችላለሁ? ጉዳቱ ቶሎ ይታያል ወይስ ተደብቆ ይቆያል? ይኼ አለማወቅ ነው? ለእኔ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

እናት ገበያ ውስጥ ቅቤ ትሸጣለች። ቴሌብር ከ2021 ጀምሮ አለ፣ ልጇ ስልኳ ላይ ጭኖላታል፤ እሷ ግን ጥሬ ብር ካልያዘች አታምንም። መሐይምነት ነው? ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቋት የምትላችሁ ይኼን ነው፦ “ብሩ የተሳሳተ ቁጥር ላይ ቢሄድ ማን ጋ እሄዳለሁ? አራጣ አበዳሪው ቤቱን አውቀዋለሁ።” የምትጠይቀው ስለ ቴክኖሎጂው አይደለም፤ ስለ ተጠያቂው ነው። መልሱ ባነር አይሆንም። መልሱ ስሕተት የሠራ ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በየትኛው ቁጥር ደውሎ፣ ምን ይዞ ቢቀርብ ገንዘቡ እንደሚታገድለት በግልጽ በሚገባት ቋንቋ መንገር ነው። ይህን ስትነግሯት ካልሞከረች፣ ያኔ ስለ ግንዛቤ እናወራለን።

እዚህ ላይ አንድ የበግ ታሪክ አለኝ፤ ለዚህ ጉባኤ የሚስማማ ይመስለኛል። በኤፕሪል 1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ማመንጫ ፈነዳ። ደመናው አውሮፓን ዞሮ ከቀናት በኋላ በሰሜን እንግሊዝ፣ ካምብሪያ በሚባል ተራራማ አገር ላይ ዘነበ። ሲዚየም የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር ሣሩ ላይ ወረደ፤ በጎቹ ሣሩን በሉ። በጁን ወር መንግሥት በጎቹ እንዳይሸጡ፣ እንዳይታረዱ ከለከለ። ሳይንቲስቶቹ ለአርቢዎቹ “ሦስት ሳምንት ታገሡ፣ ይወርዳል” አሏቸው። በእርግጠኝነት። ሦስት ሳምንቱ አለቀ፤ አልወረደም። ክልከላው ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ። የመጨረሻዎቹ እርሻዎች የተለቀቁት መቼ ይመስላችኋል? በ2012። ከ26 ዓመት በኋላ።

ምን ተሳሳተ? የተጠቀሙበት ስሌት ከሸክላ አፈር የመጣ ነበር። ሸክላ አፈር ሲዚየምን ቆልፎ ይይዘዋል፤ ሣሩ መልሶ አያገኘውም። የካምብሪያ ተራራ አፈር ግን ጥቁር፣ እርጥብ፣ አሲዳማ የብስባሽ አፈር ነው፤ አይቆልፍም። ሣሩ ይስበዋል፣ በጉ ይበላዋል፣ በፋንድያው ይመልሰዋል፣ ሣሩ ደግሞ ይስበዋል። ስሌቱ ለራሱ አፈር ትክክል ነበር። ይኼን ያጠናው ብራያን ዊን የተባለ ተመራማሪ ሌላም ነገር መዝግቧል። ባለሙያዎቹ አንድ ማዕድን መሬቱ ላይ በትነው ሊሞክሩ በጎቹን በአጥር ከለሏቸው። አርቢዎቹ “ክፍት ተራራ የለመደ በግ አጥር ውስጥ ይመነምናል፤ ሙከራችሁ ይበላሻል” ብለው ነበር። ማንም አልሰማቸውም፤ ሙከራውም ቆየት ብሎ ተተወ።

የበጉን ጠባይ የሚያውቀው ማን ነው? አርቢው። አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶው በየትኛው ወር ወደ ዳር እንደሚመጣ የሚያውቀው ማን ነው? አሥጋሪው። በክረምት የትኛው አስፋልት ላይ ውሃ እስከ ባጃጅ ወለል እንደሚተኛ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ባጃጅ ባትሪ የት እንደሚጠልቅ፣ የሚያውቀው ማን ነው? እነሆ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ጥናት ሊያደርግ የመጣ ሰው ግን ስንት ጊዜ ጠይቋችኋል? ቅጽ አስሞልቷችሁ ይሆናል፤ ማስሞላትና መጠየቅ ግን ይለያያል።

ሦስተኛው ነጥብ። ሳናውቅ እንዴት እንወስን?

ዴቪድ ኮሊንግሪጅ የሚባል እንግሊዛዊ በ1980 አንድ ወጥመድ አሳየን። ቴክኖሎጂው ገና ሲመጣ መለወጥ ቀላል ነው፤ ግን ጉዳቱን አናውቀውም። ጉዳቱን ስናውቀው ሁሉ ነገር ላዩ ላይ ተሠርቶበታል፤ መለወጥ አይቻልም። እኛ በአንድ መስመር ጨርሰነዋል፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እናስ? እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? አይደለም። ይኼን ወጥመድ ካወቅን ከሁሉ በፊት የምንጠይቀው “ቢበላሽ መመለስ ይቻላል?” የሚለውን ነው።

መመለስ የማይቻለውን ለማየት ወደ አዋሽ ወንዝ ወረድ እንበል። ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ አፋር ውስጥ ሲተከል የዘመኑ መፍትሔ ነበር፤ በረሃውን ይገታል፣ ጥላ ይሆናል፣ ማገዶ ይሆናል፣ በድርቅ አረንጓዴ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ያልታሰበው ግን የፍሬው መጣፈጥ ነበር! ፍየሉም ግመሉም ላሙም ጣፋጩን ፍሬ በላ። ዘሩ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ ይባስ ብሎ ጠንካራው ሽፋኑ ይላላና ለመብቀል ይዘጋጃል። በፋንድያ ውስጥ፣ ማዳበሪያውን ይዞ፣ ከብቱ በሄደበት ሁሉ ይወርዳል። ከመሬት በላይ ከቆረጣችሁት ከጉቶው አንዱ አሥር ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ ማጥፋት የሚቻለው ሥሩን ከመሬት በታች ቆፍሮ በመቁረጥ ነው፣ ያውም ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። ዛሬ አፋር ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል፤ ግጦሹን ነው የያዘው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን መንቀል የጥቂት ሰው የጥቂት ቀን ሥራ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

አሁን ወደ መስኮቱ። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባል፤ ውሃው በትነት ይወጣል፤ ጨው፣ ቀለም፣ ከባድ ብረት ግን አይተንም። የገባው ቀረ ማለት ነው። በ2016 የተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ “ዜሮ ፈሳሽ ልቀት” በሚባል ማጣሪያ የተሠራውም ለዚህ ነው፦ የጨርቅ ማቅለሚያው ውሃ በባክቴሪያ ይጣራል፣ ከዚያ በጣም ስስ በሆነ ማጣሪያ በግፊት ይገፋል፣ ንጹሑ ወደ ፋብሪካ ይመለሳል፣ የቀረው ጨዋማ ውሃ እየፈላ ይደርቃል። አሠራሩ ብልህ ነው፤ እኔ ደጋፊው ነኝ። ግን “ዜሮ” የሚለው ቃል እንዳያስተኛችሁ። ዜሮ የሆነው ፈሳሹ ነው፤ ጨውና ዝቃጩ በየቀኑ ይቀራል። ስለዚህ እንደ ከተማ ነዋሪ የምንጠይቀው፦ ጨውና ዝቃጩ የት ያድራል? ከሥሩ ምን ተነጥፏል? መብራት ሲጠፋና ማጣሪያው ሲቆም የስንት ሰዓት ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ አለ? ይኼን መጠየቅ ልማት መቃወም አይደለም። መውጫ ያለው ሐይቅ ዳር ብንኖር ኖሮ ስሕተት ይታጠብ ነበር።

እና መመለስ የማይቻል ነገር ሁሉ ይከልከል? ይኼ ደግሞ ሌላኛው ጠርዝ ነው፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። አገራችን ይኼን ክርክር በቅርብ ታውቀዋለች። የዘረ መል ምሕንድስና ውጤቶችን ድንበር ተሻጋሪ ዝውውር የሚገዛው የካርታሄና ስምምነት በጃንዋሪ 2000 ሲጸድቅ የአፍሪካ ድርድር መሪ የእኛው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ጥንቃቄ እርግጠኝነትን አይጠብቅም የሚለው አቋም በስምምነቱ ውስጥ የገባው በብዙ ትግል ነው። በ2009 የራሳችንን ጥብቅ አዋጅ አወጣን፤ በ2015 አሻሻልነው፤ በ2018 ትል የሚቋቋሙ ሁለት የጥጥ ዝርያዎች ለእርሻ ተፈቀዱ። አንዳንዱ “ተሸነፍን” አለ፣ አንዳንዱ “በመጨረሻ ሠለጠንን” አለ። ሁለቱም ወገን ፈቃዱን እንደ ፍጻሜ አይቶታል። የሕንድን ነገር ያዩ ግን እንዲህ አይሉም።

ጥጡ በውስጡ ትሉን የሚገድል ፕሮቲን ይሠራል። ሺህ ትል በልቶ ሺሁም ይሞታል፤ ከእልፍ አንዱ ግን በተፈጥሮው ይተርፋል። ማሳው ሁሉ ይኸው ጥጥ ከሆነ የተረፈው ከተረፈው ጋር ይጋባል፣ ልጆቹም የማይሞቱ ይሆናሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከማሳው ዳር ተራ ጥጥ ይተከል። እዚያ ያደጉ ብዙ ደካማ የእሳት እራቶች ከጥቂቶቹ ብርቱዎች ጋር ይጋባሉ፤ ብርታቱ ይቀልጣል። የሕንድ መንግሥት አምስት ረድፍ ወይም የማሳውን 20 በመቶ፣ ከሁለቱ የበለጠውን፣ በተራ ጥጥ ሸፍኑ ብሎ አዘዘ። 450 ግራም ከያዘው ፓኬት ጋር 120 ግራም ተራ ዘር በሌላ ፓኬት አብሮ ይሸጥ ነበር። ገበሬው ምን አደረገ? ትንሿን ፓኬት ጣላት። ለምን ይትከላት? ትል የሚበላው ጥጥ ነዋ! ጥቅሙ የሁሉም ነው፣ ኪሳራው የእሱ ብቻ። በ2010 ሮዝ ቀለም ያለው የጥጥ ትል ጉጃራት ውስጥ ፕሮቲኑን መልመዱ ይፋ ሆነ፤ ሁለተኛ ፕሮቲን የተጨመረበትንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለመደ። ሳይንሱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ትእዛዙ ነው፤ የሚከፍለውን ሰው ሳያይ ወጣ።

ስለዚህ አንድ ነገር ሲፈቀድ ፈቃዱ ላይ እንዲጻፍ የምንጠይቀው ይኼን ነው፦ የሚከታተለው ማን ነው? በምን ገንዘብ? የትኛው ምልክት ሲታይ ነው የሚቆመው? ምልክቱ ቀድሞ ካልተጻፈ፣ ሲመጣ “ይህ እንኳ ብዙ አይደለም” የሚል ሰው አይጠፋም።

ማን ይወስን የሚለው ቀረኝ። ዴንማርኮች ከ1987 ጀምሮ የሠሩበት ዘዴ አለ። ወደ 15 የሚጠጉ ተራ ሰዎች ይመረጣሉ፤ የነገሩ ባለሙያም ባለ ጥቅምም ያልሆኑ። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብለው ነገሩን ያጠናሉ፤ ጥያቄዎቹን ራሳቸው ያወጣሉ። ከዚያ ለሦስት ቀን ያህል በሕዝብ ፊት ባለሙያዎቹን ይጠይቃሉ። ሰነዱን ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ባለሙያ የሚያርመው የመረጃ ስሕተት ካለ ብቻ ነው፣ ፍርዱን አይነካም። ለእናንተ ይኼ እንግዳ ነው? የሲዳማ አባቶች “አፊኒ” ሲሉ፣ ከመወሰን በፊት “ሰምታችኋል ወይ?” ብሎ መጠየቅ አይደለም እንዴ? ካጠፋሁ አርሙኝ፤ አባቶች ስትስቁ አያለሁ።

እዚህ ብንሞክረውስ? ለምሳሌ “በሐዋሳ ባጃጆች በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይዙሩ ወይ?” በሚል ጥያቄ። ከስምንቱ ክፍለ ከተሞች ሁለት ሁለት ሰው፣ አንድ ሴት አንድ ወንድ፣ 16 ሰው። በዕጣ ይውጡ፤ በሹመት ከሆነ ሁልጊዜ የምናያቸው ሰዎች ይመጣሉ። የሲዳምኛና የአማርኛ አስተርጓሚ ይኑር። አበል ለሁሉም እኩል ይሁን፤ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ቀኑ ካልተከፈለው አይመጣም፣ የሚመጣው ደመወዝተኛ ብቻ ይሆናል። ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ እንድትገኝ እሑድ ይሁን። ባለሙያ አሥር ደቂቃ ይናገር፤ ከዚያ በላይ አይናገር፤ እኔን ጨምሮ! ሴቶች በትልቅ ስብሰባ ዝም የሚሉ ከሆነ አራት አራት ሆነው ይነጋገሩ፣ ከዚያ ይሰብሰቡ። ሰብሳቢው ባጃጅ አስመጪም ነዳጅ ሻጭም አይሁን።

ሁሉን የሚያበላሸው ግን አንድ ነገር ነው፤ መሳቢያ። ሰነዱ ያምራል፣ ይጨበጨባል፣ መሳቢያ ይገባል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠሯቸው 16ቱም አይመጡም፣ ልክም ናቸው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት፣ ከመጀመሩ በፊት እላለሁ፣ የሚመለከተው ቢሮ “በ60 ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ነጥብ ተቀበልኩ ወይም አልተቀበልኩም፣ ምክንያቴም ይኼ ነው ብዬ በጽሑፍ እመልሳለሁ” ብሎ ይፈርም። አይቀበል ይችላል፤ መብቱ ነው። ዝም ማለት ግን አይችልም። ካልፈረመ አትሰብስቧቸው።

ሰዓቴን አልፌያለሁ፤ አወያዩ እያዩኝ ነው። ወደ ጥያቄ እንሂድ፤ ግን ከመምህራኑ አንጀምር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከኋላ ረድፍ፣ እጃቸውን ያወጡት ወንድም፣ ቅድም ስገባ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ከደጅ ሲያቆሙ አይቻለሁ። በዝናብ ቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ፣ ዳገት ላይ ሦስት ሰው ጭነው ምን እንደምትሆን ከዚህ መድረክ ላይ ካለነው ሁሉ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ማይኩን አሳልፉላቸው እባካችሁ።